ከፈተና በኋላ የሚነገር መርዶ

ለተብርሃን የወንድሟን ሞት የሰማችው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ። ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብለው ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች ባንዷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እዚያች ወንበር ላይ ከተቀመጠች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የደወለው የአጎቷ ልጅ ገብረሃንስ ነው፣ ከውቅሮ።

«ለተብርሃን፣ ሐዱሽ ትንሽ አሞታል» አላት።

መቼም አገሩን የሚያውቅ ሰው ይሄን ንግግር ያውቀዋል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ከሩቅ አገር በጠዋት ማን ይደውላል! «ትንሽ አሞታል» የተባለ ሰው ሕመሙን ጨርሶታል ማለት ነው።

«ገብረሃንስ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። ስድሳ ዓመት አልፎኛል። መቼ ነው?»

የሴቶች ድምፅ ከበስተኋላው ይሰማል። «ትናንት ማታ ነው» አለ በመጨረሻ። «ደም ግፊቱ ነው። ተቀምጦ እያወራን ነው የሄደው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብረዋለን። አትደርሺም፣ አትድከሚ። ልጅቱን ግን እንደ ወጉ፣ ሰው ይዘሽ...»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

እግሯ ግን መርገጡን አልተወም ነበር። መርፌው ጨርቅ በሌለበት ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጩኸቱ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ደርሷል። በእኛ አገር እህት የወንድሟን ሞት ስትሰማ ሰፈር አብሮ ይሰማል፤ ደረት ይመታል፣ ነጠላ ይወድቃል፣ ጎረቤት ከየሱቁ ይሮጣል። ለተብርሃን አፏን ከፈተች።

«አክስቴ! አክስቴ ወጣ! ስሜ ወጣ!»

ረሆቦት ናት። የወንድሟ ልጅ፣ የዚያው የሐዱሽ አንድ ልጅ። ግራ ቀኝ ሳታይ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ትሮጣለች። «ዓርብ ሦስት ሰዓት! ሲኤምሲ! ከስንት መቶ ሰው አርባ ብቻ ነው የጠሩት፣ እኔ አለሁበት አክስቴ!»

ያን የተከፈተ አፍ ምን ታድርገው? እልል አለችበት። ለጩኸት የወጣውን ትንፋሽ በእልልታ ጨረሰችው። ምላሷ ሲርገበገብ እንባዋ ደግሞ በጉንጯ ላይ ይወርድ ጀመር።

ከጎኗ ባለው ሱቅ የሚነግደው ሰይድ፣ የወሎው ሰው፣ በባንኮኒው ላይ አንገቱን አወጣ። «ምንድነው እትዬ ለተብርሃን? ልጅቱን ሳትነግሩን ዳራችኋት እንዴ?»

«ለፈተና ተጠርታ ነው» አለች።

«ለአክተርነቱ? ማሻ አላህ! ስሚ ረሆቦት፣ ፊልም የሰራሽ ቀን የኔን ሱቅ በነፃ ታሳዪልኛለሽ። ዱቤ የበላሽበትን።»

ረሆቦት ሳቀችና አክስቷን አንገቷን አቀፈቻት። «አታልቅሺ እንጂ! ገና እኮ ተጠራሁ እንጂ አላለፍኩም።»

መደበቁ እንዲህ ነው የተጀመረው። አስባበት፣ መክራበት አይደለም። አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያ ትንፋሽ ወዲያ መሄድ ሲችል ወዲህ ሄደ።

የረሆቦት እናት ኣብርሀት የሞተችው ልጅቱ አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ሐዱሽ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በወጣትነቱ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን ጭነት መኪና ነዳ፣ ኋላ ተሳቢ ነዳ፤ ዕድሜውን በመንገድ ጨረሰው። ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው ሕፃን ማሳደግ አይችልምና አንድ ቀን ልጅቱን ከነጥቅሏ አምጥቶ እህቱ አልጋ ላይ አስቀመጣት። ለተብርሃን አግብታ ፈትታለች፣ አልወለደችም። ያቺን ልጅ ተቀበለችና ወተት ልትገዛ ወጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑ ሲደክም ሐዱሽ መንጃውን አስቀምጦ ውቅሮ፣ የእናታቸው የትውልድ ቤት ገባ። እሑድ እሑድ በስልክ ይገናኛሉ።

ደግ ወንድም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ክፉም አልነበረም። ለተብርሃን አስራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበረች። ያኔ ይሄ ሰፈር ግማሹ እርሻ ነበር፤ ገብስ ይታጨድበት ነበር፣ አሁን ሕንፃ የቆመበት ሁሉ። አዳራሹ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ የጭቃ ቤት ነበር። እሷ ግን እዚያ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አሮጊት ሆና ስትጫወት የገዛ እናቷ እንኳ ለአፍታ አላወቀቻትም ይባላል። ከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ያለው አስተዳደር፣ አምስት ልጆች ለቴአትር ትምህርት ሊያስፈትን መረጠና አንዷ እሷ ሆነች። ልብሷን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሰርታ፣ ልትሄድ መኪና ስትጠብቅ ሐዱሽ መጣ። በሰው ፊት ክንዷን ይዞ፣ «የነጋዴ ልጅ አዝማሪ አትሆንም» ብሎ እየጎተተ ወደ ቤት ወሰዳት። አልመታትም። ጫማዋ ግን ከእግሯ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቷል። አራቱ ልጆች ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ከምናምን አለፈ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገሩም። አምና ረሆቦት አስራ ሁለተኛን ስትጨርስ «ትወና ነው የምማረው» አለች። በስልክ ለአባቷ ነገረችው። ሐዱሽ «ለተብርሃንን ስጪኝ» አለ።

«ልጅቱ ወደ አንቺ ነው የወጣችው መሰለኝ» አላት። «እንግዲህ ትፈተን። አንቺ አጠገቧ ሁኚ። ያኔ... እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር ያኔ። ልጅ አልነበረም። ቢሆንም ለተብርሃን ያቺን ቃል ተቀበለች። ከእሱ ካሳ ብትጠብቅ ከዚያ የበለጠ እንደማይመጣ ታውቃለች። የረሆቦት ፈተና ለእሷ የልጅቱ ፈተና ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐዱሽ ያወጣው የመጨረሻ ደግ ቃል ነበር፤ እሱን ማባከን አልፈለገችም።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄደች። አቶ ሃይለኣብ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወሬው ከውቅሮ በስልክ ቀድሟት ደርሷል።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ» አሏት።

«አይምጡ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«ዓርብ ትፈተናለች። ቅዳሜ ማለዳ ይምጡ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «መርዶ ይቆያል፣ ያለ ነው። በሽተኛ ሲኖር ይቆያል፣ አራስ ስትኖር ይቆያል። ማትሪክ የሚፈተን ልጅ ሲኖርም አቆይተን እናውቃለን። የምንድነው ያልሽኝ የሷ?»

«የቴአትር ትምህርት ነው።»

«የጨዋታ ነዋ!»

«የትምህርት ነው ጋሼ።»

«ሰፈር ሁሉ አውቆ፣ ልጅቱ በአባቷ ሞት ላይ ስትስቅ መዋሏ...» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን። እስከ ቅዳሜ። ግን ልንገርሽ፤ መርዶ ከሰነበተ ጥፋቱ ከሞት ላይ ይነሳና የነጋሪው ይሆናል።»

ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተዋናይ ሆነ። እድርተኛው አፉን ለጎመ። ወይዛዝርቱ ነጠላቸውን እንደ አዘቦቱ ለብሰው «እንዴት ዋልሽ» እያሉ ያልፋሉ። ሰይድ ሳሙና ልትገዛ ለሄደችው ልጅ ሁለት ሰጥቶ «አንዱ ትርፍ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ የመጣ ነው፣ ውሰጂው» አላት፤ ቀልድ ሊቀልድ ጀምሮ ድምፁ ተሰበረበትና ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። የባሰባት ሚስቱ ፈዲላ ናት።

«ፈዲላ ዛሬ አራት ጊዜ ሳመችኝ» አለች ረሆቦት እየሳቀች። «ልጇን ልትድርልኝ ነው እንዴ?»

«ትወድሻለቻ» አለች ለተብርሃን።

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«የጨርቁ ብናኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ረሆቦት ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግታ፣ አክስቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። የቴአትር ኮሌጁ ተፈታኙ ሦስት ነገር እንዲሰራ ይጠይቃል፤ አንደኛው ቀድመው የሚዘጋጁበት ነው፣ «የምታውቁትን ሰው ሰርታችሁ አሳዩ» የሚል። ሁለተኛው ከወረቀት የሚነበብ ነው። ሦስተኛው እዚያው በድንገት የሚሰጥ።

«ማንን እንደምሰራ አልነግርሽም። ራስሽ ታውቂዋለሽ» አለች ረሆቦት። ወጣችና መልሳ ገባች።

ሐዱሽ ገባ።

በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ዳበሰ፤ የመኪና ቁልፍ እንደጠፋው ሰው፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ ከዚያ የኋላውን። ወደ ወንበሩ ሄደ። ሲቀመጥ መጀመሪያ ግራ እግሩን እንደ መኪና ደረጃ አንስቶ፣ በእጁ አየር ላይ የሌለ እጀታ ይዞ፣ ራሱን ሳብ አድርጎ ወጣበት። ተቀምጦ እንኳ የኋላ መስታወት የሚያይ ይመስል ዓይኑን ጣል አደረገ። ስልኩን ከጆሮው አንድ ክንድ አርቆ «ሄሎ! ሄሎ! ረሆቦት ጓለይ! ልጄ! ትሰሚኛለሽ? እኔ እሰማሻለሁ! አንቺ ነሽ የማትሰሚኝ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎም የደወለችለት እሷ ሆና ሳለ «በቃ ካርዴ አለቀ!» ብሎ ዘጋ።

ያን ሰዓት ሐዱሽ ከአፈር በታች አንድ ቀን አድሯል።

«አትስቂም እንዴ?» አለች ረሆቦት በራሷ ድምፅ።

ለተብርሃን ሳቀች። ከየት እንዳመጣችው እግዚአብሔር ያውቃል። አንዴ ከጀመራት በኋላ ደግሞ መቆም አቃታት፤ ጎኗን ይዛ አልጋው ላይ ተደፋች። ረሆቦት «አለፍኩ ማለት ነው!» ብላ ዘለለች።

«አሁን ልደውልለትና በራሱ ጆሮ እንዲሰማ ላድርግ።» ደወለች። «ስልኩ ዝግ ነው። ትናንትም ዝግ ነበር።»

«ውቅሮ መብራት የለም ብሎኛል ገብረሃንስ። ሲመጣ ይደውላል።»

ዓርብ በማለዳ ተነስተው፣ መገናኛ ታክሲ ለውጠው ሲኤምሲ ደረሱ። ኮሌጁ የተከራየው ፎቅ ከአንድ ካፌ በላይ ነው። በሩ ላይ ልጆች ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። ዘበኛው በብረት ፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ «ፈታኞቹ አልተሟሉም! ለሚቀጥለው ሐሙስ ተዛውሯል!» ይላል፤ ለመጣው ሁሉ ያንኑ።

ረሆቦት ተናዳ ተናዳ፣ ቆየት ብላ «ይሻላል፣ ልምምድ አበዛለሁ» አለች። ለተብርሃን ግን የካፌው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ስድስት ቀን። ሦስቱን እንዴት እንደጨረሰችው እሷ ታውቃለች።

አቶ ሃይለኣብ ተቆጡ። «እሑድ ሰባቱ ነው! ልጅ ያለው ሰው ሰባቱ ያለ ልጁ ሊወጣለት ነው?»

«ጋሼ፣ እስካሁን ደብቄ አሁን ብነግራት ሁለቱንም አሳጣኋት ማለት ነው። ፈተናውንም፣ ቀብሩንም። ቀብሩ አንዴ አምልጧል።»

«የቁማርተኛ አነጋገር ነው ይሄ።»

«እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

«ተይ፣ ተይ። ዓርብ አስራ ሁለቱ ነው። ዓርብ ማለዳ፣ ተፈተነች አልተፈተነች፣ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ብትለምኚኝ ኃጢአትሽን አልሸከምም።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ረሆቦት ውጪ ሻማ ስታበራ፣ ለተብርሃን የወንድሟን የክርስትና ስም በአንድ ቄስ ጆሮ ሹክ አለች። ሰኞ ጥቁር ጨርቅ ቆረጠች፤ ለራሷ። ልጅቱ ምሳ ይዛላት ስትመጣ ቀሚሱ መኪናው ላይ ነበር።

«የማነው?»

«የደንበኛ።»

ረሆቦት አንስታ ደረቷ ላይ ለካችው። «ያምራል። ለሐሙስ አስለብሺኝ፤ ሁለተኛው ላይ የሚያሳዝን ወረቀት ከደረሰኝ ይሄዳል።»

ለተብርሃን መንጭቃ ወሰደችባት። «የሰው ዕቃ አይነካም!» ብላ ጮኸችባት። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻባት አታውቅም። ልጅቱ ደንግጣ ቆመች፣ ምሳውን አስቀመጠችና ወጣች። ሰይድ ያን ሰምቶ አንገቱን አላወጣም።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ የሐዱሽ ስልክ እንደተዘጋ ነው። «አባዬ ቅር ብሎት ይሆን እንዴ? ሐሳቡን ለውጦ እንዳይሆን» ትላለች ረሆቦት። «ፈተናውን ሰምቶ ነው የጠፋብኝ?»

«እሱማ መርቆሻል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለቻት ለተብርሃን። በእነዚያ ቀናት ከአፏ የወጣው እውነት ይሄ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። የፈተናው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ከላይ መስታወት ነበረው፣ መስታወቱ የለም፣ ድምፅ ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ለተብርሃን ከሌሎች ወላጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከአያት ሰፈር የመጣች አንዷ እናት ሹራብ ትሰራለች። ሦስት ልጆች ገብተው ወጡ። «ረሆቦት ሐዱሽ!» ተባለ።

ገባች። ከዚያ የሐዱሽ ድምፅ መጣ፣ «ሄሎ! ሄሎ! ትሰሚኛለሽ?» የሚለው። ፈታኞቹ ሳቁ። በመጀመሪያ አንዱ ብቻ፣ ቀጥሎ ሦስቱም፤ ሴትዮዋ ሳል እስኪይዛት። ኮሪደሩ ላይ ያሉትም ሳቁ። ሹራብ የምትሰራዋ «ይቺ የማናት? ጎበዝ ናት» አለች።

«የኔ ናት» አለች ለተብርሃን።

ወረቀቱንም አነበበች፣ በደንብ። ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ፤ «በጣም ጥሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«አለ?»

«አለ። ውቅሮ ነው።»

«እሺ። ሦስተኛው ይሄ ነው። አሁን ስልክ ይደወልልሻል። እሱ ሰውዬ ሞቷል ትባያለሽ። ጀምሪ።»

ለተብርሃን ተነስታ ቆመች። ለምን እንደተነሳች አታውቅም።

ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ሌላ ሰው ይሁንልኝ» አለች ረሆቦት።

«ለምን? ያሳየሽን እሱን ነው እኮ።»

«አባቴ በሕይወት አለ። በቁሙ አላለቅስለትም። ሟርት ነው።»

አንዱ ወንድ ፈታኝ ሳቅ አለ። «እህቴ፣ ይሄ ትወና ነው።»

«ለእናንተ ትወና ነው። እኔ አሁን ባለቅስና ነገ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይመልስልኛል? እናቴ ሞታለች። እሷን አልቅሺ በሉኝ፣ አሁኑኑ እዚሁ አለቅሳለሁ። ወይ ልጅሽ ሞተ በሉኝ፣ ልጅ የለኝም።»

«ከተሰጠሽ ሁኔታ መምረጥ አይቻልም። ለሁሉም እኩል ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ግን ክፉ አልነበረም። «ሁለቱን በጣም ጥሩ ሰርተሻል፤ እንዳይባክንብሽ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ግን አያሳልፍሽም። አስቢበት። ትንሽ ጊዜ እንሰጥሻለን።»

የለተብርሃን እጅ የበሩን እጀታ ይዟል። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ከፍታ ብትገባ፣ «ሞቷል ልጄ፣ አልቅሺ፣ ሟርት አይደለም» ብትል ልጅቱ ታለቅሳለች። የዚያን ዓይነት ለቅሶ እነዚያ ሦስቱ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ያሳልፏታል። ይሄ ሐሳብ በእውነት በራሷ ውስጥ አለፈ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያልፍበት ጭንቅላት የማን እንደሆነ ለማወቅ እስኪያቅታት ድረስ ደነገጠች። እጇን ከእጀታው ላይ አነሳች።

«አስቤበታለሁ» አለች ረሆቦት ከውስጥ። «አልሰራውም። አመሰግናለሁ።»

በታክሲ ሲመለሱ ልጅቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከተማውን ታይ ነበር። አላለቀሰችም። እንዲያውም ቀለል ብሏታል።

«ተናደሽብኝ?»

«አልተናደድኩም።»

«የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ እሞክራለሁ። አባዬ ሲሰማ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? <ጓለይ፣ ላንቺ ብዬ ሳልሞት እቆያለሁ> ይላል።» ድምፁን አወጣችው፣ የእሱኑ ድምፅ። ረዳቱ ዞር ብሎ አያትና ሳቀ። «ስልኩ ሲሰራ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው።»

ለተብርሃን መገናኛ እስኪደርሱ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። ከዚያ ልጅቱን ወደ ቤት ልካ አቶ ሃይለኣብ ደጅ ቆመች። «ነገ ይምጡ» አለች። እሳቸውም «አለፈች?» ብለው አልጠየቁም።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። አቶ ሃይለኣብና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡ። ከበስተኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል፤ ፈዲላም አለች፣ ሻርቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ። ረሆቦት አልጋዋ ላይ ተነስታ ተቀመጠች። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

«ረሆቦት ልጄ» አሉ አቶ ሃይለኣብ። «ሁላችንም የምንሄድበት ነው። አባትሽ አርፏል።»

«መቼ?»

«ዛሬ አስራ ሁለቱ ነው።»

ሴቶቹ ከውጪ ጩኸቱን ለቀቁት። ረሆቦት ግን ጣቶቿን እያጠፈች ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀና አለችና ሽማግሌዎቹን ሳይሆን አክስቷን አየቻት።

«ትናንት ሳስቃቸው ሞቶ ነበር?»

ለተብርሃን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አልቅሺ ሲሉኝም ሞቶ ነበር? አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ።»

«ላንቺ ብዬ ነው ልጄ። እሱም ይፈልግ የነበረው...»

«አስራ ሁለት ቀን።» ይሄን ብቻ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁለት ሰዓት ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ለቀስተኛ ገባ። ያኔ ነው ለተብርሃን የፈነዳችው። ታፍኖ የሰነበተው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ደረቷን እየመታች፣ እንደ ጥንቶቹ ሴቶች እየተንጎራደደች ሙሾውን አወረደችው፤

«ስንቱን ቁልቁለት ወርደህ፣ ስንቱን ዳገት ወጥተህ፣
እናትህ ደጃፍ ላይ ምን አደናቀፈህ!»

ድንኳኑ ተንሰቀሰቀ። ወንዶቹ እንኳ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ሰይድ ከድንኳኑ ውጪ ካስማው ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። «እህት ይሉሻል ይቺ ናት!» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ በጆሮዋ፣ «ልጅቱን አየሻት? ለአባቷ ጠብታ እንባ የላትም። ልቧ ድንጋይ ነው።»

ረሆቦት ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። አክስቷን ታያለች፤ እጇን እንዴት እንደምታነሳ፣ ድምፅዋን የት እንደምትሰብረው፣ መቼ ትንፋሽ እንደምትወስድ። እንደ ፈታኝ ነው የምታያት።

ለተብርሃን ደክሟት ከጎኗ ስትወድቅ ልጅቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። ድምፅዋ ንዴት አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነበር።

«አክስቴ፣ ይሄኛውስ የእውነት ነው?»

ለተብርሃን አፏን ከፈተች። አዲስ ለቀስተኛ ገባና ሴቶቹ እንደገና ጩኸቱን አነሱት፤ እሷም አብራ ልታነሳ ሞከረች። አልመጣላትም። ሦስቱን ቀን ሙሉ አልመጣላትም። ሴቶቹ አልቅሳ አልቅሳ የደረቀባት መስሏቸው ውሃ እያመጡ ፊቷን ያብሱላት ነበር።